ጭላዳ ዝንጀሮ አይደለም

ማጀቴ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው የመንዝን ገደል ያያል። ከገደሉ ጫፍ ወዲያ ደጋው የጭላዳ ነው፤ ከሥር፣ ቆላው ወደ አዋሽ ሲዘረጋ፣ የዝንጀሮ። የወንዶቹ ጎፈር ስለተመሳሰለ ብቻ ጋዜጠኛውም አስጎብኚውም «ጭላዳ ዝንጀሮ» ይላል። በሰማሁ ቁጥር ያንገሸግሸኛል።

የቆላውን ባጭሩ ልለፈው። ሃማድርያስ ይባላል። ወንዱ ብርማ ጎፈርና ቀይ መቀመጫ አለው፤ የራቀች ሚስቱን ማጅራቷን ነክሶ ይመልሳል፤ ፍሬ፣ ሥር፣ አንበጣ፣ ማሽላ ሳይመርጥ ይበላል። የጥንት ግብፆች ከሩቅ አስመጥተው የቶት፣ የጥበብ አምላካቸው እንስሳ አድርገውታል፤ ሬሳውን ሳይቀር አድርቀው አቆይተዋል። ክብር አላነሰውም።

ጭላዳ ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው። የወገኖቹ ቅሪት ከደቡብ አፍሪካ እስከ አልጄሪያ ከመሬት ወጥቷል፤ ዛሬ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ፣ ያውም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ። ኑሮው ሣር ነው። መንዝ ጓሳ ሜዳ ላይ ቁጭ ብዬ ስመለከት ጣቶቹ አስደነቁኝ፦ አውራ ጣቱንና ጠቋሚውን አጋጥሞ፣ ሣሩን እየመረጠ ይነጫል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። ቦታ ሲቀይር እንኳ አይነሳም፤ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ታዲያ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ እንስሳ መቀመጫውን ለማን ያሳያል? ሌሎቹ ከኋላ የሚያሳዩትን ምልክት እሱ ደረቱ ላይ ያወጣው ለዚህ ነው ይላሉ ብዙ ተመራማሪዎች። ደረቱ ላይ ያለው ያ ፀጉር አልባ ቀይ ገላ እሱ ነው። የሴቷ ደግሞ ዙሪያውን እንደ ጨሌ ያቆጠቁጣል፤ ለወንድ መድረሷን ይናገራል።

ይህን ቀይ ገላ ቁስል ነው ብሎ ያዘነ ተሳፋሪ ገጥሞኛል። አዝኖም ብስኩት ወረወረለት! እባካችሁ፣ ሣር በል ነው። ብስኩት የለመደ መንጋ ነገ መንገድ ላይ መኪና ይጠብቃል።

ገብስ አይነካም አልልም፣ ይነካል። ግን በጓሳ ሜዳ ቀይ ቀበሮ መሃሉ ገብቶ አይጥ ሲያድን እንኳ የማይሸሽ ሰላማዊ ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኳቸው፤ ቆላ ማሽላቸውን ከማማ ላይ በወንጭፍ ሲጠብቁ ያረጁ ሰው ናቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «እሺ ልጄ፣ የላይኛውን የፈለግከውን ጥራው» አሉኝ። «የታችኛውን ግን ስሙን እኔ አውቀዋለሁ።»