በድንጋዮቹ መሃል ያለው

ነገሩ የጀመረው ይፋግ ላይ መኪና ስጠብቅ ነው። አጠገቤ ዱላቸውን ተደግፈው የተቀመጡት አዛውንት የድሮ ግንበኛ ነበሩ። ወዲያው ጠየቁኝ፤ «ለመሆኑ ጉዛራን ማን ሠራው?»

«ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸዋ» አልኩ፣ ከትምህርት ቤት የያዝኩትን።

ሳቁ። «ንጉሥ ያሠራል እንጂ አይሠራም፣ ልጄ። እኔ የጠየቅሁህ ኖራ እጁን ስለበላው ሰው ነው።»

እንፍራንዝ አጠገብ፣ ጣናን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ የቆመው ጉዛራ ከጎንደር ግንቦች ሁሉ ቀዳሚ ነው ይባላል። ክብ ማማዎቹ፣ ቅስት በሮቹና መስኮቶቹ፣ ባለ ፎቅ አሠራሩ በኋላ ፋሲል ግቢ ላይ የምናየውን ሁሉ አስቀድሞ የጀመረ ይመስላል። ሠርፀ ድንግል የነገሡት ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. ነው። መቼና በማን ተሠራ የሚለው ክርክር የሚነሳው ከኖራው ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበረው ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደጻፈው፣ በ1621 ከህንድ የመጣ አንድ ሰው ቀላል፣ ብል የበላው የሚመስል ድንጋይ አገኘና «በአገሬ ጥሩ ኖራ የሚወጣው ከዚህ ነው» አለ። ታሪኩ እውነት ከሆነ ጉዛራ በኖራ የተያያዘው ንጉሡ ካረፉ በኋላ ነው፤ ካልሆነም ኖራን ያስተማሩን የኢየሱሳውያን ካህናት አይደሉም። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

የህንዱ ሰው ጥላ ደግሞ በዚህ አያበቃም። የየመን ኢማም መልእክተኛ የነበረው አል ሐይሚ በ1648 ጎንደር ገብቶ የፋሲልን ግንብ አይቷል፤ አናጺው ህንዳዊ መሆኑንም ጽፏል። ቅስቶቹን የከበበውን ቀይ ድንጋይ፣ በማማዎቹ አናት ላይ የተደፉትን እንቁላል መሰል ጉልላቶች ያየ ሰው የየመኑን እንግዳ አይጠራጠርም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ኦቶማኖች ድባርዋ ላይ የሠሩትን ምሽግና መስጊድ በ1578 ግድም ያስፈረሱት እኚሁ ሠርፀ ድንግል ናቸው። ሲያስፈርሱ አሠራሩን ልብ ብለው አይተውት ይሆን?

አዛውንቱን ሁለተኛ ጊዜ ሳገኛቸው ይህን ሁሉ አወራኋቸው። ስለ ነገሥታቱ ብዙም ግድ አልሰጣቸውም። «ኖራ እንደ ጠላ ነው፤ ቀኑን ሳትሰጠው አይደርስም» አሉኝ። «ሲሚንቶ ግን እልኸኛ ነው። ድንጋዩ ልተንፍስ ሲል አፉን ይይዘዋል።»

ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጎንደርን ግንቦች በሲሚንቶ ጠግነው ነበር፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተሠራው ጥገና ያንን እያነሳ ወደ ኖራ መለሰው። ጉዛራ እ.ኤ.አ. በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ2017 ዓ.ም. የፋሲል ግንብ ሲታደስ የልስኑ ቀለም አገሩን ሁሉ ሲያነጋግር ግን ስለ ጉዛራ ያነሳ ሰው አልሰማሁም። ለጉዛራ ምን እንደታሰበ አንድ ኃላፊ ጠየቅሁ። «ጥያቄህን በጽሑፍ አቅርብ» አለኝ። አቀረብኩ። ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ»፤ ደግሜ ስደውል ያው ስብሰባ።

የአማራ ክልል ግጭት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ጎብኚውን አርቆታል፤ ከጎብኚው ጋር የአስጎብኚው እንጀራም ሄዷል።

«ድንጋይ መቼ ይወድቃል?» አሉኝ አዛውንቱ ስንለያይ። «የሚያልቀው በመሃሉ ያለው ነው። ማን እንደሠራው ማወቅ ከፈለግህ እሱን እየው፤ ክረምቱ ሳያጥበው።» ረዳቱ «አዲስ ዘመን! አዲስ ዘመን!» እያለ ሲጣራ ዱላቸውን አንስተው ወደ ሚኒባሱ አመሩ።