ስለሚጮኽ የመኪና አየር ማቀዝቀዣ ምርመራና ጥገና

የመኪና አየር ማቀዝቀዣ መጮኽ ሲጀምር አብዛኛው ባለመኪና ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ማቀዝቀዣውን ዘግቶ መስኮት ይከፍታል፥ ወይም ጋራዥ ሄዶ «ኮምፕረሰሩ አልቆለታል» የሚል ፍርድ ሰምቶ ይመለሳል። ከመካከላችን የአንዱ አጎት ከአዲስ አበባ መተሐራ ዕቃ በሚያመላልሱባት ፒክአፕ የደረሰባቸው ይኸው ሁለተኛው ነው። የተጠየቁት ዋጋ የብዙ ወር ትርፋቸውን የሚበላ ስለ ሆነ «እስቲ እናንተ የተማራችሁት ልጆች እዩልኝ» አሉን። ያየነውንም ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እንገልጣለን።

አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ኮምፕረሰሩ ቀዝቃዛውን ጋዝ ስቦ ይጨምቀዋል፤ ተጨምቆ የጋለው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ባለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወርድና፥ ከክሩስኮቱ በስተጀርባ ባለው ኤቫፖሬተር ውስጥ እየተነነ የመኪናውን ውስጥ ሙቀት ይወስዳል። አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በባሕር ጠለል ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ ስለ ሆነ፥ እጅ ላይ ቢፈስ እንደ እሳት ያቆስላል። ቱቦ ለመፍታት የሚቸኩል ሰው ይህን ያስብ።

ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው ሞተሩ ነው፤ ኃይሉ በቺንጋ ወደ ፑሌጃው ይመጣል። በአብዛኞቹ መኪኖች ፑሌጃው ሞተሩ እስከ ሠራ ድረስ ሁልጊዜ ይዞራል፤ የኮምፕረሰሩ ዘንግ ግን የሚዞረው የኤሌክትሪክ ማግኔት የፍሪሲዮኑን ሳህን ስቦ ከፑሌጃው ጋር ሲያጣብቀው ብቻ ነው። (በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ይህ ፍሪሲዮን የለም።) ማቀዝቀዣን ከፋብሪካው ለገዢ ያቀረበው የ1940 ሞዴል ፓካርድ ፍሪሲዮን ስላልነበረው፥ ለመዝጋት ሞተሩን አጥፍቶ፥ ኮፈን ከፍቶ፥ ቺንጋውን ማውለቅ ግድ ነበር። የሚያስቅ ቢሆንም ይህ አሮጌ ዘዴ ለምርመራ ዛሬም ወደር የለውም።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሞተሩን ሳናስነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍተን የንፋስ ማራገቢያውን እናዞራለን። በዚህ ጊዜ ከጮኸ ኮምፕረሰሩ ንጹሕ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ማራገቢያው ውስጥ የገባ ቅጠል ነው። ቀጥለን ማራገቢያውንም ማቀዝቀዣውንም ዘግተን ሞተሩን እናስነሣለን። አሁን የሚሰማው ከፑሌጃው፥ ከቺንጋው ወይም ከሌላ የሞተር ክፍል ነው። በመጨረሻ ማቀዝቀዣውን እንከፍታለን፤ ያን ጊዜ ብቻ የሚመጣ ድምፅ የፍሪሲዮኑን መንሸራተት፥ የማሰሪያ ብሎን መላላትን ወይም የኮምፕረሰሩን የውስጥ ጉዳት ያመለክታል።

የአጎትየው መኪና ማቀዝቀዣው ተዘግቶም እንደ ወፍጮ ታጉረመርም ነበር። ሲከፈት ድምፁ ጠባዩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። የኮምፕረሰሩን ቺንጋ አውልቀን ሞተሩን ብናስነሣ ጸጥ አለ። ሞተሩን አጥፍተን ፑሌጃውን በእጃችን ስናዞረው አሸዋ የገባበት ያህል ይሻክራል፤ ዘንጉ የተያያዘበትን የፊት ሳህን ስናዞር ግን እየለዘበ እኩል ይዞራል። እንግዲህ የሞተው የፑሌጃው ኩሽኔታ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ደኅና ነው። አንድ መካኒክ መጥተው የመያዣውን ቀለበት ፈቱ፥ ፑሌጃውን በመንቀያ አወጡ፥ አዲስ ኩሽኔታ በመጭመቂያ አስገቡ፤ ጋዙ ሳይለቀቅ ሥራው በግማሽ ቀን አለቀ። ሲመልሱ በሳህኑና በፑሌጃው መካከል ያለውን ክፍተት በውፍረት መለኪያ አስተካከሉ። ይህ ክፍተት በብዙዎቹ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፥ ከሰፋ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይጮኻል፥ ይቃጠላልም።

ድምፁን ችላ ማለትስ ምን ጉዳት አለው? ኩሽኔታው ከተቆለፈ ቺንጋው ይበጠሳል። የራዲያተሩን ውሃ የሚገፋው ፓምፕ በዚያው ቺንጋ በሚዞርበት መኪና ደግሞ ሞተሩ ከነጭነቱ መንገድ ላይ ይፈላል። በእንዲህ ያለ መኪና ቺንጋ አውልቆ መመርመርም ከአንድ ደቂቃ ማለፍ የለበትም።

ሌሎቹን ድምፆች በአጭሩ እንለፋቸው። ሲጢጥ የሚል የላላ ወይም የጠነዘለ ቺንጋ ነው። ቶሎ ቶሎ ቀጭ ቀጭ ማለት ብዙውን ጊዜ ጋዙ አንሶ ፍሪሲዮኑ ሲይዝና ሲለቅ ነው፤ ጋዝ ደግሞ እንደ ቤንዚን እየነደደ የሚያልቅ ስላልሆነ፥ አነሰ ማለት የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ በየጊዜው መሙላት፥ በእኛ አስተያየት፥ ገንዘብን ወደ ሰማይ መርጨት ነው። ጋዙ ራሱ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ምድርን የሚያሞቅ በመሆኑም፥ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ የተደረገው ስምምነት አጠቃቀሙ ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ወስኗል።

ኮምፕረሰሩ በእርግጥ ከውስጥ ከተሰባበረ እርሱን ብቻ መለወጥ አይበቃም፤ የብረቱ ብናኝ በመስመሩ ውስጥ ስለሚሰራጭ ካልጸዳ አዲሱንም ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ አየሩና እርጥበቱ በፓምፕ ተስቦ ይወጣል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ መካኒኩን ያሳስታል። በባሕር ጠለል ፍጹም ባዶነት በመለኪያው 76 ሴንቲሜትር ሜርኩሪ ሲነበብ፥ 2,300 ሜትር በሚያልፈው ከተማችን ግን የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅተኛ ስለ ሆነ መለኪያው 57 ገደማ ላይ ይቆማል። ለባሕር ጠለል የተጻፈውን መጽሐፍ አምኖ 74ን የሚጠብቅ ሰው ደኅናውን ፓምፕ ይጥላል፥ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። የሚሞላውም ጋዝ በሚዛን፥ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ልክ መሆን አለበት፤ ከልክ ሲያልፍ ግፊቱ ጨምሮ ሌላ ጩኸት ያመጣል።

አጎትየው መተሐራ ደርሰው በተመለሱ ማግሥት ደውለው፥ ሞተሩን ሲያጠፉ ከክሩስኮቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ «እስስስ» የሚል ድምፅ እንደሚሰሙ ነገሩን። ከፍተኛው ግፊትና ዝቅተኛው በጠባቧ ቀዳዳ በኩል እኩል እየሆኑ ነውና ምንም እንዳይነኩ ነገርናቸው።