«ካሳው ይጨመርልኝ»

በድብደባ ዓይኑን ወይም እጁን ያጣ ሰው የተወሰነለት ካሳ አንሶበት የሚያቀርበው የይግባኝ ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ደብዳቢው ነው፦ በምን እንደመታው፣ እንዴት እንዳደባበት፣ ስንት ዓመት እንደተፈረደበት። ይህን ሁሉ የወንጀል ችሎቱ ሰምቶ ቀጥቶበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2091 የሚጠይቀው ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ነው። ሆን ብሎ የቆረጠም በቸልተኝነት የገጨም ያሳጡት ገቢ አንድ ከሆነ የቁሳዊ ጉዳት ካሳው አንድ ነው። ተጎጂ ይህን ሲሰማ ቢቆጣ አልፈርድበትም፤ ጠበቃ የደንበኛውን ቁጣ ገልብጦ ለችሎት ሲያቀርብ ማየት ግን ያሰለቻል። ጭካኔው በሞራል ካሳ ይታይ የሚል አለ። እሱንም ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳያልፍ ቆልፎታል። በወጣበት ዘመን ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለታክሲ መመላለሻ እንኳ አይበቃም። ጣሪያው አሳፋሪ ነው፤ የሚያነሳው ግን ሕግ አውጪው ነው፤ አምስት ገጽ ቅሬታ አንድ ብር አይጨምርበትም።

ጭማሪ ካለ ያለው በሒሳቡ ውስጥ ነው። የስር ፍርድ ቤት የሐኪሞች ቦርድ የሰጠውን የመሥራት አቅም መቀነስ መቶኛ ትቶታል? የሥራ ዘመኑን አሳጥሮ ቆጥሯል? ቀጣዩን ሕክምና፣ ገና ወጪ አልተደረገም ብሎ ዘሎታል? ቁጥር 2092 እኮ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል። እንዲህ ያለ ስህተት ተለይቶ ሲቀርብ ዳኛው የሚይዘው ነገር ያገኛል። የደመወዝ ወረቀት የሌለው የቀን ሠራተኛስ? ቁጥር 2102 በርትዕ እንዲወሰን ይፈቅዳል፣ ይሉኛል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ርትዕ የሚገባው የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ሳይችል ሲቀር ነው፤ ሰውየው ይሠራ እንደነበር፣ ምን ይሠራ እንደነበር ማስረዳት ከከሳሹ አይነሳም። አብሮት ድንጋይ የተሸከመ ባልደረባው ወይም ያሠራው ግንበኛ መጥቶ ቢመሰክር ለርትዑ መነሻ ይሆናል። ምስክሩ መጠራት ያለበት ደግሞ በስር ፍርድ ቤት ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 345 ከጠባብ ሁኔታዎች በቀር በይግባኝ አዲስ ማስረጃ አይቀበልም። ስለዚህ ባለጉዳይ ፍርዱን ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የይግባኝ ማቅረቢያው ስድሳ ቀን አለፈ ወይ ነው፤ ሁለተኛው፣ ክሱ ላይ የተያያዘው የማስረጃ ዝርዝር የት አለ? ብዙውን ጊዜ በዝርዝሩ ላይ የማገኘው የወንጀሉን ፍርድ ግልባጭና የሕክምና ወረቀት ብቻ ነው።