ባለ 21 አኃዙ ቁጥርና ሁለቱ አካፋዮቹ

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው 147,573,952,589,676,412,927 የተባለውን ቁጥር ነው። 67 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከሚገኘው ብዜት ላይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው ይኸው ነው።

ከ1 እና ከራሱ በስተቀር ሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማያካፍለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ 7 እና 13 ከእነዚህ ወገን ናቸው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን በ1644 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ከላይ የጠቀስነውን ቁጥር ከብቸኞቹ መካከል መደበው። ማስረጃ አላቀረበም፤ ይሁን እንጂ ቃሉን የሚያፈርስ ሰው ከ230 ዓመት በላይ ታጣ።

በ1876 ኤዷር ሉካ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ። ሉካ በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት ጊዜ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ ያገለገለ ሰው መሆኑን ለሠራዊቱ አንባብያን መጥቀስ እንወዳለን። የሚያስደንቀው ግን አካፋዮቹን አንዳቸውንም ሳያገኝ ማረጋገጡ ነው። ነገሩ የተቆለፈ ሣጥን ነቅንቆ በውስጡ ከአንድ በላይ ዕቃ መኖሩን በድምፁ እንደ መለየት ያለ ነው። ሣጥኑ ሳይከፈት ሌላ 27 ዓመት አለፈ።

በጥቅምት 1903 በኒው ዮርክ በተደረገ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ፕሮፌሰር ፍራንክ ኔልሰን ኮል ወደ ጥቁር ሰሌዳው ቀርቦ ቁጥሩን አስልቶ ጻፈ፤ በሌላው በኩል 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ መቀመጫው ሲመለስ አዳራሹ በጭብጨባ አስተጋባ ይባላል። ሥራው የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደ ወሰደበትም ይተረካል።

ለመሆኑ ይህን ያህል ድካም ለምን? የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ134 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆኑ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ስለዚህ አብዛኛው ቁጥር ሳይሞከር ይጣላል። እንዲያም ሆኖ ኮል እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች ከታች ጀምሮ በተራ ቢሞክር ኖሮ ትንሹን አካፋይ የሚያገኘው በ1,445,580ኛው ሙከራ ነበር። በእርግጥ እርሱ ከዚህ የረቀቀ ዘዴ ተጠቅሟል።

ሁለት ቁጥሮችን ማባዛት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ብዜቱን ወደ አባዦቹ መመለስ ግን ዓመታት ይፈጃል። መልእክትን በምሥጢር ቁልፍ ማስተላለፍ ሥራው የሆነ የመገናኛ ወታደር ጥቅሙን ወዲያው ይረዳዋል። በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ይህንኑ ችግር የምሥጢር መቆለፊያ አደረጉት። ብዜቱ ለወዳጅም ለጠላትም በይፋ ይሰጣል፤ አባዦቹን የሚያውቀው የመልእክቱ ተቀባይ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ለመፈተኛ የቀረበው ባለ 129 አኃዝ ቁጥር የተፈታው በ1994 ነው፤ ለዚሁም 600 ያህል ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮቻቸውን አስተባብረው 8 ወር ገደማ ሠርተዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዘዴ የሚቆለፉ መልእክቶች ከ600 በላይ አኃዝ ወዳላቸው ቁጥሮች ተሸጋግረዋል።