ሸዋን በውሃ ቀለም ያስቀረ ሠዓሊ

ፎቶግራፍ አገራችን ከመግባቱ በፊት አንኮበር ምን ትመስል ነበር? የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሠራዊትስ ሜዳ ላይ ሲሰለፍ እንዴት ይታይ ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች በዓይን የሚታይ መልስ ከተዉልን ጥቂት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ነው።

በርናትዝ እ.ኤ.አ. በ1802 ሽፓየር በተባለችው ከተማ ተወለደ። በ1836 እና በ1837 ከተፈጥሮ ተመራማሪው ፎን ሹበርት ጋር ወደ ምሥራቅ ተጉዞ የቅድስት አገርን ሥፍራዎች ሥሏል። በ1841 በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልዕክተኛ ቡድን ወደ ሸዋ ሲመጣም በሠዓሊነት አብሮ ተጓዘ።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። ቡድኑ ከታጁራ ተነሥቶ፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የአሳል የጨው ሐይቅ በኩል በበጋው ሐሩር አለፈ። በጉዞው ላይ ሦስት አባላቱ ሌሊት በተኙበት ተገድለዋል። በርናትዝ ግን በዚያ ሁሉ መካከል መሣሉን አላቋረጠም። ቡድኑ በኅዳር 1841 ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራርሞ በ1843 ተመለሰ።

ለመሆኑ እንዲህ ላለው ጉዞ የውሃ ቀለም ለምን ተመራጭ ሆነ? ቀለሙ የሚዘጋጀው የተፈጨ ቀለም ከግራር ሙጫ ጋር ተዋሕዶ ነው። ለሥራው ውሃ፣ ብሩሽና ወረቀት ብቻ ይበቃሉ። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ሲፈጅ የውሃ ቀለም በደቂቃዎች ይደርቃል፤ በበቅሎ ጭነት ውስጥም ቦታ አይሻማም። ችግሩ ስህተትን አለመሸሸጉ ነው። ነጩ ብርሃን የወረቀቱ የራሱ ንጣት በመሆኑ ሠዓሊው የትኛውን ሥፍራ ሳይነካ እንደሚተው አስቀድሞ መወሰን አለበት። ከስሱ ቀለም ወደ ደማቁ ይሄዳል እንጂ ወደኋላ መመለስ ያስቸግራል።

የበርናትዝ ሥራዎች በ1852 በሁለት ክፍል፣ በ48 ሥዕሎች ታትመው ወጡ። አንደኛው ክፍል የአፋርን ቆላ፣ ሁለተኛው የሸዋን ደጋ ያሳያል። ከተራራና ከገደሉ ጎን ለጎን ነዋሪውም፣ የንጉሡ ሠራዊትም አሉበት።

አንባቢ ግን ሁለት ነገሮችን ልብ ሊል ይገባል። አንደኛ፣ የታተሙት ሥዕሎች በድንጋይ ኅትመት የተባዙ በመሆናቸው ቀለማቸው ሠዓሊው ካየው ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ የላከው ወገን የራሱ የንግድና የፖለቲካ ጉዳይ ነበረው። ስለዚህ ሥዕሎቹን የምናያቸው እንደ ማስረጃም፣ እንደ እንግዳ ዓይንም ነው። ያም ሆኖ በጊዜ ብዛት የፈረሰውን የአንኮበርን ቤተ መንግሥት ለሚያስብ ሰው ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው።

የበርናትዝ ብሩሽ ወደ ሐዲያና ከምባታ አልደረሰም። በክረምት ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ የተጓዘ ሰው የእንሰቱን ልምላሜ፣ ዛሬ 777 ደረጃዎች የተሠሩለትን የአምበሪቾን ተራራና ጉም የሸፈነውን አናቱን ያውቀዋል። ለውሃ ቀለም ከዚህ የተሻለ ገጽ ማግኘት ያዳግታል። ገጠሩ በፍጥነት ወደ ከተማ እየተለወጠ ነውና፣ ሳይሣል ያለፈውን ኋላ ላይ ማንም ሊመልሰው አይችልም። አሁን ተራው የውጭ መልዕክተኛ ይዞት የሚመጣው ሠዓሊ ሳይሆን፣ አገሩን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የአካባቢው ወጣት ነው።