ለአምቦ ዳገት ስንት ሲሲ ይበቃል?

ከጌዶ ወዲያ የተወለደ አንድ የክፍል ጓደኛ አለን። ዘንድሮ ትምህርቱን ሲጨርስ በእርሻ ሥራ ወደ ገጠር ይሰማራል፤ አባቱም ሁለት በሬ ሸጠው ሞተር ብስክሌት ሊገዙለት ቃል ገብተዋል። እርሱ ግን «250 ሲሲ ካልሆነ አልቀበልም» ይላል። በሬ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነውና ክርክሩን በምግብ አዳራሽ ጩኸት ከመጨረስ በጽሑፍ ማስረዳት ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ሲሲ ማለት ፒስተኑ ሲመላለስ የሚጠርገው የሲሊንደር ውስጥ ቦታ መጠን ነው። 1000 ሲሲ አንድ ሊትር ስለሆነ የ250ው ሞተር ሩብ ሊትር ይይዛል፤ የ125ቱ የዚያን ግማሽ። ቦታው በሰፋ ቁጥር ብዙ አየርና ቤንዚን ይገባል፤ ኃይሉም ይጨምራል። እስከዚህ ድረስ ጓደኛችን እውነት አለው። የሚያግዘው ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸውም የአገራችን ከፍታ ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ገና ሳይነሣ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በወንጪ በኩል 3000 ሜትር ካለፈ ደግሞ የሚያጣው ከሩብ ይበልጣል። ካርቡራቶር ያለው ከሆነ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ይኸኛው እንኳ ቤንዚን የሚያሾልከውን ትንሽ ናስ ቀዳዳው ጠበብ ባለ ሌላ በመለወጥ ይድናል።

ታዲያ ትልቅ ሞተር ያልገዛ ሞኝ ነው? እኔም አምና ክረምት ድረስ እንዲህ አስብ ነበር። በነሐሴ የተዋስሁትን 250 ይዤ ከጊንጪ ወጣ ባለ ቀጭን መንገድ ስሄድ፣ መረሬው በፊተኛው ጎማና በጭቃ መከላከያው መካከል ተጠቀጠቀና ጎማው መዞር አቆመ። የኋላው ግን ኃይል ስላልጎደለው በቆመበት እየተሽከረከረ ጉድጓዱን ቆፈረ። ከዚያ ተጋደምን። 130 ኪሎ ብረት፣ ጭቃው ሳይቆጠር፣ ብቻዬን ማንሣት አቃተኝ። ከእርሻ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች ደረሱልኝ፤ ሽማግሌው ብስክሌቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ አህያ ስትወድቅ በጅራቷ ትነሣለች፤ ይኸ በምኑ ይያዛል?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ በኤውሮፓ «ትራያል» የሚባለው ውድድር ቀድሞ መልሶታል። በዚያ ውድድር ፍጥነት አያሸልምም፤ በድንጋይ፣ በጅረትና በገደል አፋፍ እግሩን መሬት ሳያስነካ ያለፈ ነው የሚያሸንፈው። ለብዙ ዘመን የነገሡት ከባዶቹ የእንግሊዝ ሞተሮች ነበሩ። ሳሚ ሚለር የተባለው ዝነኛ ነጂ የ500 ሲሲ አሪኤሉን ትቶ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ቀለል ባለ የ244 ሲሲ የስፔይን ቡልታኮ የስኮትላንድን የስድስት ቀን ውድድር አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ከባዱ ሞተር ከሜዳው ጠፋ።

ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «ይኸው! ሻምፒዮኖቹም በ250 ነው የሚነዱ» ብሎ ዘለለ። እውነት ነው፤ ዛሬም ታላላቆቹ የሚነዱት ከ250 እስከ 300 ሲሲ ነው። ነገር ግን የእነርሱ ብስክሌት 70 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ክብደት ለመቀነስ ሲባል መቀመጫ እንኳ ያልተሠራለት ነው። ከሱቅ የሚገዛው የእኛ 250 የዚያን እጥፍ ይጠጋል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ዕቃው ግን ሌላ ነው።

በጭቃና በድንጋይ የሚፈለገው ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳይጠፋ መጎተቱ ነው። ይኸም የሚገኘው ከሲሲው ብቻ ሳይሆን፣ መካኒኮች ቮላኖ ከሚሉት ከባድ ክብ ብረትና ከማርሹ ነው። ካቴናውን የሚጎትተውን የፊተኛውን ጥርሳም ብረት ከ15 ጥርስ ወደ 14 ማውረድ የኋላ ጎማውን ጉልበት ከመቶ 7 ያህል ያሳድጋል፤ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዋጋው ከበሬ ጋር አይነጻጸርም።

ብቻውን ለሚሄድ ሰው፣ በእኔ ፍርድ፣ ከ125 እስከ 150 ሲሲ ይበቃዋል። ከኋላው ሰው ወይም የክትባት ሣጥን ጭኖ ወደ ወንጪ ለሚመላለስ 200 አይበዛበትም። ከዚያ በላይ የሚገዛ ግን አስቀድሞ በሻጩ ፊት ብስክሌቱን መሬት ላይ ያጋድመውና ብቻውን ያንሣው።

ጓደኛችን ባለፈው ቅዳሜ ይህንኑ ሞከረ። 250ውን አነሣው፤ ሲሚንቶው ግን ደረቅ ነበር።