አንጎል በምስልና በአጉሊ መነጽር

ከገዳሪፍ የተነሣው መንገድ የሰሊጡንና የማሽላውን እርሻ አቋርጦ ገላባት ደርሶ ከመተማ ጋራ በሚገጥምበት አገር፣ ፈጣን ውኃ የምትወደው ጥቁር ዝንብ በአትባራና በገባሮቹ ዳር እየተራባች ኦንኮሰርካ የተባለውን ትል ከሰው ወደ ሰው ስታስተላልፍ ኖራለች። ቆዳን የሚያሳክከውንና ዓይነ ሥውር የሚያደርገውን ይህን ደዌ ለማጥፋት ሱዳንና ኢትዮጵያ አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ሲያድሉ ቆይተው መተላለፉን አቋረጡት፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም በአፍሪካ ሁለት አገሮች ተቀናጅተው ይህን ሲፈጽሙ የመጀመሪያው መሆኑን መዝግቧል።

የትሉ መተላለፍ ጨርሶ ያልተገታባቸው አገሮች ግን ሌላ ጭንቅ አለባቸው። በ1960ዎቹ በታንዛንያ ማሄንጌ የታየው፣ ኋላም በደቡብ ሱዳንና በሰሜን ዩጋንዳ የበዛው ደዌ ሕፃናትን ይይዛል፤ በማዕድ ፊት ተቀምጦ እጁን ወደ ምግቡ የሰደደ ልጅ ድንገት አገጩ ወደ ደረቱ እየደጋገመ ይወድቃል፣ ሲውል ሲያድር የሚጥል በሽታ ይጨመርበታል፣ ዕድገቱ ይቀጫል፣ አእምሮውም ይዳከማል። ሐኪሞች ኖዲንግ ሲንድረም ይሉታል፤ ትሉ በሚበዛበት ሥፍራ ስለሚበዛም ሁለቱ ሳይያያዙ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል።

በማግኔት ኃይል የሕያውን ሰው አንጎል የሚያሳየው ኤምአርአይ በብዙዎቹ ሕሙማን የአንጎላቸውን መክሳት ገልጧል። ምስሉ ግን የፈረሰውን ቤት እንጂ አፍራሹን አያሳይም። ስለዚህ የቶሮንቶው የአስከሬን መርማሪ ማይክል ፖላነንና ባልደረቦቹ የ5 ዩጋንዳውያን ሟቾችን አንጎል እንደ ወረቀት ስስ አድርገው ቆርጠው፣ ቀለም አጠጥተው በአጉሊ መነጽር ቢያዩት፣ በአንጎሉ እጥፋቶች ጫፍ ላይ ታው የተባለው ፕሮቲን ተቋጥሮ አገኙት፤ ይህም በ2018 ታተመ። ታው በአልዛይመር ደዌ በሽማግሌዎች አንጎል የሚታወቅ ነው፤ የአልዛይመር ሌላው ምልክት አሚሎይድ ግን በዚህ አልነበረም። በዓመቱ ሌሎች ሊቃውንት በሌሎች ሟቾች አንጎል ዋናው ነገር ታው ሳይሆን ብግነት ነው አሉ፤ ትሉንም በአንጎሉ ውስጥ አላገኙትም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በጥቂት ሟቾች ላይ የቆመ ክርክር ቶሎ አይቋጭም።

የሕያውን ሰው ምስል ከሟቹ አንጎል ጋራ በማነጻጸር በኩል የአልዛይመር ምርምር ቀድሟል፦ ሞት የተቃረባቸው ሰዎች ፈቅደው ታውን የሚያበራ መድኃኒት ተወግተው ምስል ተነሡ፣ ካረፉም በኋላ የ64ቱ አንጎል ከየምስላቸው ጋራ ተነጻጸረ፤ ንጽጽሩም አስተማማኝ ስለሆነ ምስሉ በ2020 በአሜሪካ ተፈቀደ። ለሕፃናቱ ደዌ እንዲህ ያለ ንጽጽር ለማድረግ ወላጅ ገና ያላለቀሰለትን የልጁን ሬሳ እንዲያስከፍት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሙታኑን ፈጥኖ በሚቀብርበት አገር ደግሞ ጥያቄው ከማሽኑ ይልቅ ይከብዳል።